አባቴን ውሃ ላይ የሚይዝ ነገር

ቢቸና አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን፣ በአንድ የፋሲካ ዕረፍት ጣና ላይ በጀልባ ልንንሸራሸር ከባልደረቦቼ ጋር ተስማማን። ሐሳቡን ያመጣው የስፖርት አስተማሪያችን ነው። ባሕር ዳር ስለተማረ ጣናን የሚያወራልን ከአባቱ የወረሰው መሬት አስመስሎ ነበር። “ጀልባ ላይ ተቀምጦ ውሃ ማየት የሽማግሌ ሥራ ነው” አለን። “የሚነፋ ነገር እንያዝ። ኳስ እንያዝ። ውሃ ውስጥ የሚያሳይ መነጽር እንያዝ።” ሁላችንም አጨበጨብን። ከመካከላችን እንዲህ ያለ መነጽር በዓይኑ ያየ ግን አልነበረም።

ዕቃውን መርጣ እንድታመጣ የተመደበችው እኔ ነኝ። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ሞጣ ተወልጄ ስላደግሁና እንዲህ ያለውን ጉድ የሚሸጥ ሱቅ በዚያ ዙሪያ ሞጣ ብቻ ስለነበረ ነው። ዋና ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። “ለምን እኔ?” ብዬ ተቆጣሁ። በዚያን ጊዜ ቁጣ ለእኔ እንደ ሰላምታ ነበር፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በልቤ ግን ደስ ብሎኛል። ያን ዕቃ አጥብቄ የምፈልገው ለባልደረቦቼ ሳይሆን ለአባቴ ነበርና።

አባቴ ሞጣ ላይ የቅኔ መምህር ነበሩ። በተማሪነታቸው ጊዜ ትምህርት ፍለጋ ወደ በጌምድር ሲሻገሩ ዓባይን በዋና ነው የሚያልፉት። የፍየል ስልቻ ይነፋሉ፣ አፉን ጠፍረው ያስራሉ፣ ከዚያ ደረታቸውን እላዩ ላይ አስተኝተው በእግራቸው ይቀዝፋሉ። ዋና የማይችሉ ጓደኞቻቸውን ሳይቀር በዚያው ስልቻ አሻግረዋል። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ስለ ቅኔ ሲያወሩ እንኳ እንደዚያ አይሆኑም ነበር፤ ይህን ተማሪዎቻቸው ባይሰሙ ይሻላል።

በኋላ፣ እኔ የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ ከደብረ ወርቅ ሲመለሱ በቅሎ ጣለቻቸው። ቀኝ ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻው የሚችለውን አደረገ፤ እግሩ ግን እየቀጠነ፣ እየደረቀ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቤት እስከ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በመቋሚያቸው ተደግፈው ያንን እግር እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። በቅሎ ላይ ዳግመኛ አልወጡም። እናቴ ማታ ማታ እሳት ዳር አስቀምጣ እግሩን በለጋ ቅቤ ታሸዋለች። እናቴ ቅቤ የማያድነው ነገር የለም ብላ የምታምን ሴት ናት። ራስ ምታት በቅቤ፣ የደረቀ ጠፍር በቅቤ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል የበር ማጠፊያም በቅቤ። አባቴ “ኧረ ተይው፣ የሞተ እግር ነው። ቅቤው ለወጡ ይሁን” ይሏታል። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ማሸቷን ትቀጥላለች።

ስለ ጣናው ጉዞ ያነሳሁላቸው በጾሙ አጋማሽ ልጠይቃቸው ሞጣ የሄድኩ ጊዜ ነው። እናቴ ጓዳ ነበረች።

“ውሃው የረጋ ነው አሉ?” ብለው ጠየቁኝ።

“የረጋ ነው፣ አባባ።”

“ዓባይ አይረጋም ነበር።” የታመመውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አስተካከሉት። “ውሃ ውስጥ እኮ ሰው እግሩን አይሸከምም። የሚሸከምለት ውሃው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሸከመኝ ደግ ነበር።”

አባቴ ለራሳቸው አንድ ነገር ሲመኙ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ የሚመኙት ለአገር ሰላም፣ ለተማሪዎቻቸው ማስተዋል፣ ለእኔ ደግሞ ባል ነበር። እንባዬ መጣ፤ እንዳያዩብኝ ተቆጣሁ።

“ታዲያ ምን ያስጨንቃል? እወስድዎታለሁ።”

“አንቺ ልጅ፣ በደረቅ እግር ዋና የለም። የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል።”

“እሱን ለእኔ ይተዉት።”

“አደራ፣ መጫወቻ እንዳይሆን” አሉ። “ሰው አይቶ ‘መሪጌታ በስተርጅና ጀመራቸው’ እንዳይል። ጨዋ ዕቃ ይሁን።”

እንግዲህ የእኔ ጭንቀት ይኸው ነበር። ባልደረቦቼ ጨዋታ ይፈልጋሉ፤ አባቴ ውሃ ላይ የሚይዛቸው ጨዋ ዕቃ ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ስልቻ አሰብኩ። ግን በጾም ፍየል የሚያርድ ክርስቲያን ከየት ይመጣል? ገበያ የሚገኘው ስልቻ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እህል ሲሸከም የኖረ፣ በየጎኑ የተጣፈ ነው። ጤፍ ቢይዝ እንጂ አየር አይይዝም። በመጨረሻ ከቢቸና እህል የሚጭን አንድ ሾፌር አሮጌ ካላማዳሪያ ሰጠኝ። የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚነፋው ያ ጥቁር ላስቲክ ማለቴ ነው። ሁለት ቦታ ተበስቶ በቁራጭ ጎማና በማስቲሽ ተለጥፏል። ሾፌሩ በፖምፓ ነፍቶ እላዩ ላይ ቆመበት፤ ንቅንቅ አላለም። ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ቁም ነገረኛ ይመስላል። አገኘሁ አልኩ።

ካላማዳሪያውን ተሸክሜ ለፋሲካ ሞጣ ገባሁና በማግስቱ፣ ቅዳሜ ሹር ዕለት፣ የቀረውን ዕቃ ልመርጥ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ለፋሲካ እሳቸው እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ለኢድ አባቴ እግራቸውን እየጎተቱ እሳቸው ቤት ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ከአስመራ የፕላስቲክ ባልዲ ሲያስመጡ የባሕር ዳርቻ ዕቃ የሞላ ካርቶን ተሳስቶ አብሮ መጣባቸው። ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከሻማና ከሸማ በላይ ጣሪያው ላይ ሰቅለውት ነበር፤ ሞጣ ላይ የሚዋኝ ሰው እስኪመጣ።

“መጣሁ፣ ሐጂ” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ!” ብለው በመንጠቆ ያወርዱልኝ ጀመር።

መጀመሪያ የወረደው እንደ ዳክዬ እግር ጠፍጣፋ የሆነ የጎማ ጫማ ነው። ሐጂ በክረምት ለጭቃ ይሆናል ብለው ለአንድ ገበሬ ሸጠውት ነበር አሉ። ሰውየው በነጋታው መጥቶ “ጫማዎ ወደፊት መሄድ አያውቅም” ብሎ መለሰላቸው። ተውኩት። ቀጥሎ ኳስ ወረደ፤ ቀላል ነው፣ ቀለሙ ዓይን ያፈዛል፤ ወሰድኩ። ከዚያ መነጽሩ መጣ። አፍንጫ ሳይቀር የሚሸፍን ነው።

“ውሃ ያስገባል?” አልኳቸው።

“እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ዓሣ አይደለሁም። በርሜሉ ጓሮ ነው፣ ሞክሪ።”

አጠለቅሁትና ጭንቅላቴን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ። የበርሜሉ ዝገት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀና ስል ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አጥሩ ላይ ተደርድረው አፋቸውን ይዘዋል። “የመሪጌታ ልጅ ናት እኮ” ትላለች አንዷ። “አስተማሪ አድርገዋት ነው።” ሐጂ ሳቃቸውን ለመደበቅ ስለት የሌለው መቀስ መሞረድ ጀመሩ። መነጽሩንም ወሰድኩ።

በመጨረሻ ከጥጉ ያወረዱት አንድ የሚነፋ የላስቲክ ቀለበት ነበር። ወገብ ላይ የሚጠለቅ ነው፤ ከፊቱ የዳክዬ አንገት ወጥቷል፤ ቢጫ ሆኖ ምንቃሩ ቀይ፣ ዓይኑ ደግሞ በሰው ያሾፋል። “ይህን ውሰጂ፣ ጠንካራ ነው” አሉኝ። “ሐጂ! አባቴን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሊያጣሉዋቸው ነው?” ብዬ ገፋሁት። እሳቸው ግን ዕቃዬን ሲጠቀልሉ ዳክዬዋን አጥፈው ከሥር ከተቱልኝ። “ምርቃት ነው። ምርቃት አይመለስም” አሉ።

የፋሲካ ዕለት ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ዕቃዎቹን አባቴ ፊት ዘረጋሁ። ኳሱን ዝም ብለው አለፉት። መነጽሩን ካይናቸው ጋር አስተያይተው “ለዓይነ ሥውር አይሆንም?” አሉ። ካላማዳሪያው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ዙሪያውን አሳለፉ፣ ጫን ጫን አደረጉት።

“ካባ ይመስላል” አሉ። “ጨዋ ዕቃ ነው። ይህ ይሁን።”

ዳክዬዋን ሲያዩ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። “ይቺን ወገቤ ላይ አድርጌ ከታየሁ ያን ቀን ቅኔ ቤቱን ዝጉት።” እናቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ዳክዬዋን ጓዳ ወረወርኳት።

ባልደረቦቼንና የተከራየነውን የጭነት መኪና ይዤ ለመምጣት በሳምንቱ መጀመሪያ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ስወጣ ካላማዳሪያውን ለእናቴ ሰጠኋት። “እማዬ፣ አደራ። ፀሐይ እንዳያየው፣ እንዳይደርቅ።” እኔ ስናገር ሰው ሁሉ የሚሰማኝ በራሴ ጭንቅላት ይመስለኛል፤ እናቴ ግን የሰማችኝ በራሷ ነበር።

የሄድንበት ቀን ብሩህ ነበር። የጭነት መኪናው ከሞጣ ባሕር ዳር በበጋ ብቻ የሚከፈተውን መንገድ እየተንገጫገጨ ያዘ። አባቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ እኔ፣ እናቴና ባልደረቦቼ ከኋላ በዕቃው ላይ። መኪናው ውስጥ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እናቴ የያዘችው የምግብ መሶብ ነው ብዬ አለፍኩት። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ሰውም ዕቃም ቅቤ የሚሸትበት ጊዜ ነው። ስፖርት አስተማሪው መነጽሩን አድርጎ መንገደኛውን እያስደነገጠ ሄደ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሾፌሩ ካላማዳሪያውን ነፋልን፤ እሱን ከጀልባው አፍንጫ ላይ አሰርነው። እናቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ መሶቡን በጉልበቷ ያዘች። ጣናን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። “ይህን ሁሉ ውሃ ማን ይጠጣዋል?” አለች።

ጀልባ ነጂው አንዲት ትንሽ ደሴት ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ፣ ሞተሩን አጠፋ። ባልደረቦቼ አንዱ አንዱን ተከትሎ ውሃው ውስጥ ዘለሉ። ኳሱ ውሃው ላይ ይነጥራል፤ መነጽሩን ይቀማማሉ። የመረጥኩት ሁሉ ሥራውን ሠራ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ግን እነሱን አላዩም። ዓይናቸው ውሃው ላይ ነው። ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ጥምጥማቸውን በቀስታ ፈትተው አጥፈው እናቴ ጉልበት ላይ አስቀመጡ፤ በእጀ ጠባባቸው ቀሩ። ራሳቸውን ያለ ጥምጥም ደጅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

“በሉ እንግዲህ” አሉ።

ስፖርት አስተማሪው ካላማዳሪያውን ለመፍታት ሲይዘው እጁ አዳለጠው። ከዚያ “ፍስስስ” የሚል ሰማን። አንደኛው ልጣፊ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላቆ በጣቱ ላይ ቀረ። ሌላውን ሲይዝ ያም ተነሳ። ያ ቁም ነገረኛ ጥቁር ነገር ዓይናችን እያየ ጀልባው ላይ ተኛ። እጁን አሸተተና “ቅቤ ነው” አለ።

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን።

“አዎ፣ ቀባሁት” አለች። “ማታ ማታ፣ የእሳቸውን እግር ስጨርስ። እንዳይደርቅ አላልሽም? ስልቻስ ሳይቀባ ውሃ ይገባል እንዴ?”

“እማዬ! ጎማ ነው እኮ! ጎማ ቅቤ ያቀልጠዋል፣ ማስቲሹን ይፈታዋል! ቆዳ መሰለሽ?” ጮኼ ነበር። ድምፄ ደሴቷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ዓይኗ ሞላ።

“ተያት” አሉ አባቴ። እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ዘረጉ። “በቃ፣ ማየቱም ደግ ነው። ዓይን ዋኘ።”

አባቴን አውቃቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ተመኝተዋል፤ ሁለተኛ አይመኙም። የሚቀጥለው ፋሲካ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ቢመጣ “ማየቱም ደግ ነው” ይሉና ይቀመጣሉ። ደግሞ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ወይስ እናቴ እያሉ ሲያስቡ እንደማይኖሩም አውቃለሁ፤ ስናስብ የምንኖረው እኛ ነን።

እናቴ ግን ጥምጥሙን አልሰጠቻቸውም። መሶቡን ከፈተች፤ ከዳቦው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ዳክዬዋ ናት።

“ከየት መጣች?” አልኩ።

“ምርቃት አይጣልም” አለች ወደ እኔ ሳታይ።

ውሃ ውስጥ የነበሩት ኳሱን ለቀው ወደ ጀልባው ዞሩ። ኳሱ ብቻውን ወደ ደሴቷ ሄደ። አባቴ ዳክዬዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። ቀይ ምንቃሯን አዩ፤ የምታሾፈውን ዓይኗን አዩ።

“ይቺስ ተቀብታለች?”

“አልተቀባችም፣ መሪጌታ። ለመጫወቻ ቅቤ አይባክንም ብዬ።”

አባቴ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚስቀው፤ በኋላ ጀልባው ራሱ ይወዛወዝ ገባ። እንባቸውን በእጀ ጠባባቸው ጫፍ ጠረጉና “ጌታዬ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ውርንጭላ ነው” አሉ። “ዳክዬ የምንቅ እኔ ማን ነኝ?”

አየሩን ራሳቸው ነፉት። ፖምፓ አልፈለጉም። ማሕሌት የቆመ ደረት ነው፤ እንደ ስልቻው ዘመን ጉንጫቸውን ሞልተው በጥቂት ትንፋሽ ወጠሯት። ቀለበቷ እኔ ወገብ ላይ አትገባም ነበር፤ ጾሙን አጥብቆ የጾመ ወገብ ላይ ግን ልክክ አለች። ጀልባ ነጂው በገመድ ዳክዬዋን ከጀልባው ጋር አያያዛት፤ ስፖርት አስተማሪው ከሥር ተቀበላቸው። እናቴ “በስመ አብ” አለች፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጠው አባቴ ውሃው ላይ ነበሩ። ደረታቸው ከዳክዬዋ አንገት ጋር ቀጥ ብሏል፤ መቋሚያቸው ጀልባ ውስጥ ቀርቷል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላደረጉም፤ ዝም ብለው ተንሳፈፉ። ከዚያ ግራ እግራቸው መቅዘፍ ጀመረ። ውሃው ጥርት ያለ ስለነበረ ሁሉም ይታየናል። ቀኝ እግራቸው እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። “ይብቃዎት” ልል ነበር። ያን ጊዜ ያ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሞተ የተባለ እግር ከጉልበቱ ታጠፈ። ተዘረጋ። ደግሞ ታጠፈ። በመሬት ላይ ሆኖ ያን ሲያደርግ ከበቅሎዋ ወዲህ ያየ የለም። እናቴ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ።

አባቴ ጀልባውን ዞሩ። እናቴ በተቀመጠችበት በኩል ሲደርሱ ቀና አሉ። ጢማቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

“አንቺ ሴት፣ እግሬን አየሽው?”

“አየሁት፣ መሪጌታ።”

“ያ ሁሉ ቅቤሽ ሜዳ አልቀረም” አሉ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አልለየሁም፤ እኔም ራሴን አልለየሁም። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ገለጠችና እንደ ወትሮዋ መቆጣጠር ጀመረች። “በሉ ይውጡ እንግዲህ፤ ይበርድዎታል።”

“ገና ነኝ” አሉና ዳክዬዋን ወደ ሰፊው ውሃ አዞሯት።